ዓለምነውና የመጨረሻው ቁጥር

እኔ ከማውቃቸው የመሪጌታ ልጆች ኮምፒዩተር የነካ ዓለምነው ብቻ ነበር። በ1980 ዓ.ም. በከተማችን አራዳ ሰፈር ላለው የሳንባ ነቀርሳ ክሊኒካችን አንድ ማሽን በእርዳታ መጣ። ዓለምነው አዲስ አበባ ሦስት ወር ተምሮ ተመለሰና ከአጠገቡ አልነቃነቅም አለ። እኛ ነርሶቹ «ሁለተኛ ሚስት አገባ» እያልን እንቀልድበት ነበር።

ሥራው መድኃኒት የሚላክላቸውን በሽተኞች የካርድ ቁጥር ደርድሮ ማሽኑን መጠየቅ ነው፤ ማሽኑ ስማቸውን ያወጣል፣ እኛ እንክብሉን እናሽጋለን። ቁጥሮቹን የሚለያያቸው ነጠላ ሰረዝ ነው። ዓለምነው ሰረዙን ከየቁጥሩ በኋላ እንዲያስከትል ስላዘዘው፣ መጨረሻ ላይ አንድ ሰረዝ ትተርፋለች። ማሽኑም ገና ሌላ ቁጥር ይመጣል ብሎ ይገተራል። ቢቸግረው መጨረሻ ያለውን ቁረጥ አለው። ማሽኑ ታዘዘ፤ እኛም ደስ አለን።

መድኃኒቱን የሚያደርሰው መኪና በወታደር አጀብ በወር አንዴ ብቻ ነበር የሚወጣው። ለሦስተኛው ጉዞ ስንዘጋጅ ሾፌሩ ውዱ መጣ።

«ድብ ባሕር ላይ ብርቄ የምትባል ሴት ሁለት ጊዜ ማኪናውን ጠብቃ ባዶ እጇን ተመለሰች። ‹ምነው፣ ሞታለች አላችሁኝ?› አለችኝ። ደም መትፋት ጀምራለች» አለን።

ዓለምነው ዝርዝሩን አየ። የመጨረሻው ቁጥር የእርሷ ነው፤ ከሰረዟ ጋር እርሷንም ቆርጧታል። ፊቱ አመድ መሰለ። የእርሷን ቁጥር በእጅ ጨምር ስለው፣ «ነገስ የማንን ልቆርጥ ነው?» አለኝ።

አባቱ መሪጌታ ሐዲስ ለምርመራ መጥተው አጠገቡ ተቀምጠው ነበር። ነገሩን ሲያስረዳቸው፣ «እኔ የማኅበሩን ሙታን ስም ስጠራ መቋሚያዬን መቼ ነው የምመታው?» አሉት።

«ከስሙ በፊት።»

«ከስም በኋላ ብመታማ፣ የመጨረሻውን ስጨርስ ሕዝቡ ደግሞ ማን ሞተ ብሎ ይጠብቃል። ለፊተኛው ስም ግን አልመታም፤ ከማን ልለየው?»

ዓለምነው ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሳመ። ከዚያ ከመጀመሪያው በቀር ሰረዙን ከየቁጥሩ ፊት አስቀደመ። የሚተርፍ ሰረዝ አልኖረም፤ የሚቆረጥ ሰውም አልኖረም።

ድብ ባሕር የሄድኩት እኔ ነኝ። ብርቄ ከሰው ኋላ በነጠላዋ አፏን ይዛ ቆማለች። ሌሎቹ ሁሉ ተጠርተው ሲያልቁ ልትሄድ ዞረች፤ ያኔ ጠራኋት።

«አለሁ» አለች።

ቁጥሯ ጠፍቶ እንደተገኘ ስነግራት ጥቅሉን ተቀብላ፣ «ቁጥሬን ያገኘውን ሰው እግዜር ይስጥልኝ በይው» አለችኝ። የቆረጣትም እርሱ መሆኑን ለመናገር አፌ አልደፈረም። ዓለምነው ግን በሚቀጥለው ወር ራሱ ሄዶ ነገራት። እስከ ዛሬ የማከብረው፣ የማመሰግነውም ለዚህ ነው።

ብርቄም፣ «ታዲያ መልሰህ ጠርተኸኛል» አለችው።