በሰርቨሩ ፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎች

ባለቤቴ ይሁኔ ባለፈው ወር ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ ግብዣ አደረገለት። አለቃው ማይክ ይዞ ተነሣና፣ «በኮምፒዩተር ቀንታ ሽማግሌ የሰበሰበች ሴት በዓለም ብትፈለግ የይሁኔ ባለቤት ብቻ ናት» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጄም ሳቀች። የልጅ ልጄ ነገሩ ባይገባውም ሌላው ሲስቅ አይቶ አጨበጨበ። እኔ አልሳቅሁም። በኮምፒዩተር የቀናሁበት ቀን የለም። የቀናሁት በሰው ነው፤ ሽማግሌዎቹም «የሌለ ነገር አየሽ» ብለው ፈረዱብኝ። የተበደልሁት እዚህ ላይ ነው። ቀልዱ በየግብዣው ሲነገር የሚኖር ከሆነ በደሌም ተጽፎ ይኑር።

ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ያየሁትን ለመጻፍ ግን ይበቃኛል። ሰብለ እያልሁ የምጠራት ሴት እውነተኛ ስሟ ይህ አይደለም። የጻፍሁትን አንብቤላት ግን «ይሁን» ብላለች።

ያኔ ገና ሠላሳ አልሞላኝም። ይሁኔ የገበሬው የመሬት ይዞታ በሚመዘገብበት መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ጥገና ሠራተኛ ነበር። ሰርቨር የሚሉት ማሽን መዝገቡን ሁሉ በሆዱ ይዞ፣ ከየወረዳው ሲጠየቅ ገጹን እያወጣ ይሰጣል። ታዲያ እኛ ዘንድ የደረሰው ሌላ ቦታ አገልግሎ ካረጀ በኋላ ነው። በውስጡ ያለውን ፕሮግራም የሠሩት ሰዎች የት እንደ ገቡ የሚያውቅ አልነበረም። ይሁኔ፣ «የሙት ልጅ ነው ያስታቀፉኝ» ይል ነበር።

ማሽኑ ደህና ሲሠራ ይሰነብትና ድንገት ቀጥ ይላል። ጠፍቶ ሲበራ እንደ ገና ይነሣል። ለምን እንደ ወደቀ ግን ማንም አያውቅም። አንዳንድ ቀን ደጋግሞ ይወድቃል፤ አንዳንድ ሳምንት ጭራሽ ደህና ነው። ከሮብ ገበያ ጭቃውን ሲያቦካ ያደረ ገበሬ፣ ከደብረ ኤልያስ ጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ የመጣ ሽማግሌ፣ መስኮቱ ጋ ሲደርስ «ሲስተም የለም» ይባላል። ሲስተም ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ፣ እንደ ሌለ ብቻ አውቆ ይመለሳል። እርግማኑ ደግሞ የሚያርፈው በባሌ ላይ ነበር።

ሰብለ የመጣችው በዚህ መካከል ነው። ባሕር ዳር ተምራ፣ ለይሁኔ ረዳት ሆና ተመደበች። ቆንጆ ናት ብዬ አላምንም ነበር። ግን ስትስቅ አንገቷን ወደ ኋላ ጣል ታደርጋለች፤ ያን ጊዜ የምታየው ሰው ሳቁን ያመጣው እሱ የሆነ ይመስለዋል። እኔ ሁለት ልጅ ወልጄ፣ ሦስተኛውን ጡት ሳስጥል ነበርሁ። አንገቴን ጣል የማደርገው እንቅልፍ ሲጥለኝ ብቻ ነው።

በሥራ ቀን ባለጉዳይ ስለሚበዛ ማሽኑን መመርመሪያ ጊዜ የለም ተባለና፣ ቅዳሜና እሑድ ሁለቱ ብቻቸውን ይገቡ ጀመር። ይሁኔ ምሳውን ከቤት ይወስዳል። የገብስ ቂጣ፣ ድንች በአልጫ፣ ወቅቱ ከሆነ የባቄላ እሸት አስርለታለሁ። ምሳ ዕቃው ተጠርጎ ይመለሳል። «በቃህ?» እለዋለሁ። «በቃኝ» ይላል። ከዚያ እራቱን እንደ ጅብ ይሰለቅጠዋል። ለአንድ ሰው ያሰርሁት ምሳ ስንት ሰው እንዳበላ ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም።

አንድ ቀን ጠየቅሁት።

«ይሁኔ፣ አንድ ማሽን ለመጠበቅ ሁለት ሰው ለምን ያስፈልጋል?»

«ብቻዬን ስሆን አይወድቅማ» አለ፣ ጫማውን እየፈታ።

«ምን አልህ?»

«ብቻዬን ስሆን ቀኑን ሙሉ ይሠራል። የሚወድቀው ሰብለ ስትኖር ነው።»

ይህን ለሚስቱ የሚናገር ወንድ ወይ የዋህ ነው ወይ ደፋር። የትኛው እንደ ሆነ ለመለየት ሳምንቱን ሙሉ አልተኛሁም። እሷ ስትኖር ብቻ የሚታመም፣ እሷ ስትሄድ የሚድን በሽታ፣ በእኛ አገር ሌላ ስም ነው ያለው።

መስቀል አልፎ፣ ዝናቡ ቆሞ፣ የጮቄ ተራራ ብርድ ወደ ከተማው የሚወርድበት ሰሞን ነበር። አጎቴ አያ ደሴ ከስናን ድንች ጭኖ ለገበያ መጥቶ እኛ ዘንድ አርፏል። እሱንና የንስሐ አባታችንን አስቀመጥሁና ነገሬን ተናገርሁ።

ይሁኔ ደነገጠ። «ማሽን ቢታመም ሽማግሌ ምን ያደርጋል?» አለ።

«አይተው ይመስክሩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አብረን እንሄዳለን። ማሽኑ በፊታችን ከወደቀ እውነትህን ነው፤ ቤቴ እቀመጣለሁ። ካልወደቀ ሰኞ ከአያ ደሴ ጋር ልጆቼን ይዤ አባቴ ቤት እገባለሁ። ሰብለም ያን ቀን ድርሽ እንዳትል።»

አያ ደሴ ጢሙን እያሻሸ፣ «የሚወድቅ በሬ አይቼ አውቃለሁ፤ የሚወድቅ ሳጥን ግን ገና ማየቴ ነው» አለ። አባ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

እሑድ ገባን። ክፍሉ ይበርዳል፤ የሞቀ አቧራ ይሸታል፤ ማሽኑ እንደ ንብ ቀፎ እም ይላል። አያ ደሴ ጎንበስ ብሎ አየው።

«ይሄ ነው? እኔ እኮ ትልቅ መስሎኝ! ወረዳ የሚያቆም ነገር የበግ ግልገል አያህልም?»

አባ ጋቢያቸውን ደርበው ተቀመጡ። «ልጄ ይሁኔ፣ መቼ መቼ ነው የሚወድቀው?»

«አይታወቅም፣ አባ።»

«ምልክት የለውም?»

«የለውም።»

«እንደ ኅልፈተ ዓለም ነዋ» አሉ። አያ ደሴ ሳቀ፤ አባ ግን ቀልደው አይመስለኝም።

ይሁኔ ብቻውን ተቀምጦ ገጽ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይመዘግባል። ማሽኑ አንድም ጊዜ ሳያስል ይታዘዘዋል። የባቄላውን እሸት እየፈለፈልን በላን። አያ ደሴ አንቀላፋ፤ ነቅቶ፣ «ወደቀ?» አለ። «አልወደቀም።» «እስቲ አስፈራሩት» ብሎ እንደ ገና አንቀላፋ። ይሁኔ በዚያ ብርድ ግንባሩን ሲያልበው አየሁ። ልክ ነኝ ለማለት ነበር የመጣሁት። ልክ እየሆንሁ ስሄድ ግን የአባቴ ቤት በዓይኔ መጣ፤ ልጆቼ ከወንድሜ ልጆች ጋር በአንድ ቁርበት ላይ ተደርድረው ሲተኙ ታየኝ።

ፀሐይ አዘነበለች። አባ መቋሚያቸውን ጨበጥ አድርገው፣ «እንግዲህ…» ሲሉ ይሁኔ አቋረጣቸው።

«አባ፣ ምን ላድርግ? ሰብለ ስትኖር ነው የሚወድቀው!»

አያ ደሴ ብንን አለ። «ተው አንተ ሰው! ሚስትህ የከሰሰችህን እኮ ነው የምታምነው!»

እዚህ ላይ ነገሩን ትቼ ብወጣ የሚከለክለኝ አልነበረም። ግን ሰው ሳይሰማ ሲፈረድበት ከልጅነቴ ጀምሮ አልወድም፤ የሚፈረድለት እኔ ብሆንም አልወድም። «ትጠራ» አልሁ። «እኔ ነኝ አትምጣ ያልሁት፤ እኔው ትምጣ እላለሁ።» የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ሄዶ ጠራት። ፀጉሯን እየተሠራች ነበርና ግማሹ ተጎንጉኖ ግማሹ ተበትኖ መጣች። እንደዚያ ሆና እንኳ ያምርባት ነበር፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

የአባን መስቀል ተሳልማ በሁለተኛው ኮምፒዩተር ፊት ተቀመጠች። ሁለቱ ጀርባና ጀርባ ናቸው፤ ቃል አይለዋወጡም። ሽማግሌዎቹ ማሽኑን ያያሉ። እኔ እሷን አያለሁ። ይሁኔ ሳል ያዘው። ሰብለ ዞር አላለችም፤ እጇን ብቻ ወደ ኋላ ሰድዳ የውኃውን ብርጭቆ እጁ የሚደርስበት ቦታ ላይ አስጠጋችለት። ሳያይ ቦታውን የሚያውቅ እጅ እንዴት ያለ እጅ እንደ ሆነ ያገባ ሰው ሁሉ ያውቃል። እሱ ውኃውን ጠጣ። ማን እንዳስጠጋለት ያየ አይመስለኝም።

ብድግ አልሁ። «ተነሺልኝ። ሁለተኛ ሰው ካስፈለገ ሁለተኛዋ እኔ ነኝ።»

ወዲያው ተነሣችልኝ። ማውስ የሚሉትን መዳፊት አስያዘችኝ፣ የትኛውን እንደምጫን አሳየችኝ። ተጫንሁ። ይሁኔም ይጫናል። ምንም የለም። ሰብለ ከኋላችን ቆማ ከንፈሯን ትነክሳለች።

«ጋሽ ይሁኔ» አለች ድንገት፣ «እርስዎና እትዬ አትጠገብ የአንድ ገበሬ ገጽ ክፈቱ። የተለያየ አይሁን። ሰሞኑን ያሰብሁት ነገር አለ። ‹አሁን› ስል እኩል ትጫናላችሁ።»

የአንድ የዲማ ሰው መዝገብ ከፈትን። «አሁን!» አለች። አልወደቀም። «ደግማችሁ። አሁን!»

ፊቴ ያለው የኮምፒዩተር መስኮት ነጭ ሆነ። የይሁኔም ነጭ ሆነ። ደግሜ ተጫንሁ፤ ሞቷል።

ይሁኔ ጠረጴዛውን መትቶ ዘለለ። «ወደቀ! እልል በሉ! ወደቀ!»

«ልጄ፣ ወድቆብህ ነው እልልታው?» አሉ አባ።

ሰብለ ለሽማግሌዎቹ አስረዳች። «አባ፣ ሁለት ሰው ጠባብ ድልድይ ላይ ሲገናኝ አንዱ ‹ይለፉ› ይላል፣ ሌላው ‹ኧረ እርስዎ ይለፉ› ይላል። ሁለቱም ሲጠባበቁ ይመሻል፤ ከኋላ የመጣው ሕዝብ ሁሉ ይቆማል። ይሄ ፕሮግራም ሁለት ሰው እኩል አንድ መዝገብ ላይ ሲመጣበት እንደዚያ ነው የሚሆነው። አንድ ሰው ብቻውን ከሆነ ግን ማንን ‹ይለፉ› ይላል? ያልፋል።»

አያ ደሴ ጭኑን መታ። «የጎጃም ሰው ነው የሠራው በሉኛ!»

እኔም ገባኝ። እንዲህ አሳምራ ማስረዳቷም አስቀናኝ። ይሁኔ ከእኔ ጋር ይህን ያህል ዘመን ኖሮ፣ ስለ ሥራው እንደዚህ በሚገባኝ ቃል አንድ ቀን ነግሮኝ አያውቅም።

አባ ፈረዱ። «ማሽኑ ታሟል። ይሁኔ ንጹሕ ነው። አትጠገብ የሌለ ነገር አይታለችና ይህችን ልጅ ይቅርታ ትጠይቅ።»

«ማሽኑ መታመሙን በዓይኔ አይቻለሁ» አልሁ። «ቃሌ ቃል ነው፤ ቤቴ እቀመጣለሁ። የሌለ አየሁ ግን አልልም።»

«ታዲያ ምን አየሽ?»

ምን ልበል? ውኃ አስጠጋችለት ልበል? ሰው ውኃ በማስጠጋት ተከሶ ያውቃል? ዝም አልሁ። ሰብለ ወለሉን ታያለች። አያ ደሴ፣ «ይህቺ ልጅ ከሕፃንነቷ ድርቅ ናት» ብሎ ተነሣ፤ ፍርዱም ሳልቀበለው በላዬ ጸና።

ሁለቱ ፕሮግራሙን አስተካከሉት። «ይለፉ» መባባል ቀርቶ፣ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ የሚያልፍበት ተራ አበጁለት። መስኮቱ ጋ የሚረግመው ሰው አነሰ። ሰብለ ብዙም ሳትቆይ ራሷ ዝውውር ጠይቃ ወደ ባሕር ዳር ሄደች። የይሁኔ ምሳ ዕቃ ትራፊ ይዞ መመለስ ጀመረ። ወሬው ግን እንደ ማሽኑ አልተጠገነም። ገበያ ላይ ያገኘኝ ሁሉ፣ «አንቺ፣ ጣውንትሽ እንዴት ናት? መብራት አልጠፋባትም?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ዓመት ባለፈ ቁጥር ሰብለ ከወሬው እየወጣች፣ እኔና ሳጥኑ ብቻ ቀረን።

ቅናት ዓይን ያጠፋል ይላሉ። ሲያጠፋም አይቻለሁ፤ ጎረቤቴ በእኅቷ ቀንታ ስንት ያልተደረገ ነገር ስትናገር ሰምቻለሁ። የእኔ ግን እንደዚያ አልነበረም። ይሁኔን አልጠላሁትም፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ልጅ ወለድሁለት፣ እሱም ደህና ባል ሆኖ ኖሯል። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ያን ቀን ሽማግሌዎቹ ባሌን መረመሩ፣ ማሽኑን መረመሩ፣ እኔን መረመሩ። የቀረ ሰው ነበረ።

ግብዣው ላይ ሰብለም ተጠርታ ከባሕር ዳር መጥታ ነበር። ከመኪና ስትወርድ መጀመሪያ ያየሁት ፀጉሯን ነው። ሸብቷል። ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ይህ ነገር አብሮኝ ነው የሚቀበረው። አለቃው ቀልዱን ተናግሮ ሰው ሲስቅ፣ ሥጋው ወጡ ሳይቀር መረረኝና ወደ ግቢው ወጣሁ። ከጽዱ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሳለ መጣች።

«እትዬ፣ አለቃው የተናገረው ልክ አይደለም» አለች።

«ታዲያ ልኩ ምንድን ነው? እኔ የምለውን ማንም አላመነኝም፤ አንቺ ንገሪኝ። ያን ቀን ምን አየሽ ሲሉኝ ዝም ያልሁበት ነገር፣ ነበረ ወይስ አልነበረም?»

አጠገቤ ተቀመጠች። ነጠላዋን ሰብስባ ጉልበቷ ላይ አደረገች፤ ውስጥ ገና ይስቃሉ።

«ነበረ እንጂ፣ እትዬ። በእኔ በኩል ነበረ። ጋሽ ይሁኔ ግን አንድ ቀን እንኳ ከማሽኑ ላይ ቀና ብለው አላዩኝም።»