በእማሆዮቹ ግቢ የቀበርናቸው

ትእዛዙ ሲደርሰን ቆቦ ነበርን፤ ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ሻምበላችን ከዋጃ በስተምዕራብ ያለችውን ኮረብታ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንድትይዝ ነበር የታዘዘችው። ደርግ ሊወድቅ የተቃረበበት ዘመን ነው፤ እኛ ግን መቃረቡን አናውቅም። የምናውቀው ሙቀቱን፣ የውሃውን እጥረትና የእግራችንን ቁስል ነው።

እኔ አሥር አለቃ ነበርኩ፤ አንድ መትረየስና አራት ሰዎች በኃላፊነቴ ሥር ነበሩ። ልንነሳ ስንል አንድ ምትክ ሰው ተመደበልኝ። ዕድሜው ሠላሳ ገደማ ይሆናል፤ ረጅም ነው፤ እጁ የገበሬ እጅ ነው። ከገበያ ነው ይዘው ያመጡት። ስሙን አልጠየቅሁትም። «አንተ አዲሱ፣ የጥይቱን ሳጥን ያዝ» አልኩት፤ ያዘ።

መንገድ ላይ ጠጋ ብሎ፣ «አሥር አለቃ፣ መጻፍ ይችላሉ?» አለኝ።

«እችላለሁ። ለማን?»

«ለባለቤቴ። ስወጣ ወሯ ገብቶ ነበር። ትውለድ አትውለድ አላወቅሁም።»

«ኮረብታው ላይ ስንደርስ እጽፍልሃለሁ።»

ደረስን። ምሽግ መቆፈር ነበረብን። ደብዳቤውን ለነገ አልኩት፤ «ደግ» አለኝና ዶማውን አነሳ።

ንጋት ላይ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲል ሞርታር ወደቀብን። ከዚያ አማፂዎቹ ከሜዳው መጡ። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ስለነበር ሰዎቹን አናያቸውም፤ የሚወዛወዘውን አገዳ እያየን ነበር የምንተኩሰው። በዚያ በኩል የተጠመደው የእኔ መትረየስ ነው። ሦስት ጊዜ መጡ። ሦስት ጊዜ መለስናቸው። በሦስተኛው አዲሱ ሳጥን ይዞ ከምሽጉ ቀና ሲል ተመታ። እዚያው ሳጥኑ ላይ ወድቆ ሞተ።

አራት ሰዓት ላይ ጸጥ አለ፤ ዘጠኝ ሰው ሞቶብን ነበር። በሬዲዮ ወደ ቆቦ ተመለሱ ተባልን፤ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ኮረብታውን እንድንለቅ፣ ቁስለኛ ብቻ ይዘን እንድንወጣ። የመቶ አለቃችን ዝምተኛ ሰው ነበር። የሬዲዮውን መነጋገሪያ ሰቀለና ወደ አስከሬኖቹ ዞረ። «ለአሞራ ትቻቸው አልሄድም» አለ። «ሁለት ሰዓት አለን። አውርዷቸው።»

ከኮረብታዋ ሥር ትንሽ የሴት መነኮሳት ገዳም ነበረች። አምስት እማሆዮች ይኖሩባታል። ከቤተ ክርስቲያኗ ኋላ በድንጋይ ካብ የታጠረች የመቃብር ቦታ አለች፤ ካንድ ጎጆ ግቢ አትበልጥም። ዘጠኙን በብርድ ልብስ ተሸክመን ስንገባ እመምኔቷ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ቀጭን፣ ያረጁ ሴት ናቸው።

«ስንት ናቸው?»

«ዘጠኝ ናቸው፣ እማሆይ።»

«መሬታችን ጭንጫ ነው። ዘጠኝ ጉድጓድ አይደርስላችሁም።» ትንሽ አሰቡና፣ «አምስቱ ተቆፍሯል» አሉ።

ወዲያው አልገባንም። ለካ አምስቱም እማሆዮች መቃብራቸውን በቁማቸው አስቆፍረው አስቀምጠው ኖሯል። የመቶ አለቃው፣ «የእናንተን እንዴት እንወስዳለን?» ቢላቸው፣ «እኛ እስክንሞት ሌላ እንቆፍራለን። የነዚህ ቀን ዛሬ ነው» አሉት። አራቱን እኛ ቆፈርን። ዶማው ድንጋይ እየነካ ብልጭ ይል ነበር።

ቄሱ በተኩሱ ምክንያት ሸሽተዋል። ስለዚህ እመምኔቷ፣ «የክርስትና ስማቸውን ንገሩኝ። ቄሱ ሲመለሱ ፍትሐት አድርሰው ይፈቷቸዋል» አሉን። ከእማሆዮቹ አንዷ ወረቀት ይዘው ቀረቡ። ለእያንዳንዱ አንድ ጓደኛው ቆሞ ተናገረ፤ ኃይለ ማርያም፣ ገብረ ጊዮርጊስ፣ ወልደ ሚካኤል… ስምንት ሆነ።

«ይሄስ?»

ከተኳሾቼ አንዱ፣ «አዲሱ ነው» አለ።

«አዲሱ ስሙ ነው?»

«አይደለም፣ እማሆይ» አልኩ። «እኔ ነኝ እንዲያ ስል የነበርኩት።»

ኪሱን ፈተሽኩ። ቋጠሮ ቆሎ ብቻ አገኘሁ። ብዙ ውጊያ አይቻለሁ፤ እንደዚያች ደቂቃ ያፈርኩበት ግን የለም። ሰውዬው ግማሽ ቀን ከጎኔ ተጉዟል፣ ስለ ሚስቱ አጫውቶኛል፣ ጥይቴን ተሸክሞልኛል። ስምህ ማነው ለማለት ስንት ጊዜ ይፈጃል?

እመምኔቷ አልወቀሱኝም። «ስሙን አንተ የምታውቀው፣ እያልን ለጌታ እንነግርለታለን» አሉ። ከዚያም ጥግ ላይ ወዳለው ጉድጓድ እያመለከቱ፣ «እዚያ አግቡት። የኔ ነው» አሉ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን መንገድ ላይ ነበርን። ቆቦ እንደገባን የሻምበሉን ጸሐፊ ስለ አዲሱ ጠየቅሁት። መዝገቡ ቀድሞ ወደ ደሴ ተጭኗል አለኝ። ከዚያ በኋላ ጦሩም ተበተነ፣ መዝገቡም የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ። ያቺ ሴት ወልዳ ከሆነ ልጇ ዛሬ ጎልማሳ ነው። አባቱ የት እንደወደቀ የነገረው የለም።

መንግሥት ተለውጦ፣ እኔም ከወታደሮች ተሐድሶ ካምፕ ወጥቼ ሦስት ዓመት እንደቆየሁ ወደ ዋጃ ሄድኩ። እመምኔቷ ዐርፈዋል። ውስጥ ቦታ ስላልነበረ ከካቡ ውጭ ነው የተቀበሩት። ስም የጻፉት እማሆይ አወቁኝና ወደ መቃብሩ ወሰዱኝ። ቄሱ ስምንቱንም፣ ዘጠነኛውንም ፈትተዋቸዋል።

ከእመምኔቷ ቀጥሎ፣ ከካቡ ውጭ፣ ሌሎች አምስት የድንጋይ ክምሮች አየሁ።

«እነዚህ የማን ናቸው?»

«እናንተ በሄዳችሁ ማግስት ከማሽላው ውስጥ ያነሳናቸው ናቸው። ኮንጎ ጫማ ያደረጉ ልጆች ነበሩ።»

ኮንጎ፣ የላስቲኩ ጫማ፣ የአማፂዎቹ ነበር፤ እኛ ወታደሮቹ ቆዳ ጫማ ነበር የምናደርገው። ክምሮቹን አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። ኋላ፣ «እማሆይ፣ በማሽላው በኩል ስተኩስ የነበርኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ዐይን ዐይኔን አዩኝ። «ስማቸውን ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እኛም አናውቅም» አሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዞሩ። «በል ና፣ አጠገቤ ቁም።»

ቆምኩ። ወገኖቼን ዘጠኝ ብዬ ስቆጥር ነበር የኖርኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ ስንት ሞቱ ብሎ የሚጠይቀኝ ሲኖር አሥራ አራት እላለሁ።