ጀሶዬ ላይ የፈሰሰው ጠበል

ወደ ሰልፍ በሚወስደን የጭነት መኪና ላይ ሆኜ እጄን ለመፈክር ሳነሣ የያዝሁትን የመኪናውን ብረት ለቀቅሁ፤ ወደቅሁና ቀኝ እግሬ ተሰበረ። አብዮቱ ያን ቀን ያገኘው የእኔን ጭን ነው። ሆስፒታል ከርሜ፣ እግሬ በጀሶ እንደታሸገ፣ መራመድ እስክለማመድ ወደ ማገገሚያው ክፍል ተዛወርሁ። ሥራዬ ባሕር ዳር ፋብሪካ ውስጥ ሽመና ነበር፤ ስምንት ሰዓት በእግር መቆም። ቀጥ ብዬ ካልቆምሁ ማሽኔን ሌላ ይረከበዋል። ይህን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት እናቴ ከደቅ ደሴት በጀልባ መጣች። የቄስ ሚስት ናት፤ አንድ ጀሪካን ጠበል ይዛለች። ነርሷ ግን አስቀድማ «ጀሶው ከራሰ ይላላል፣ አጥንቱም ይጣመማል» ብላ አስጠንቅቃኛለች።

«እማዬ፣ ውሃ እንዳይነካው ተብሏል» አልኋት።

«ጠበል ውሃ ነው እንዴ?» አለችኝ።

ለዚህ መልስ ያለው ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ነርሷን መጥራት እችል ነበር። እናቴ ግን እህል ሳትቀምስ የመጣች ናት፤ ከንፈሯ ደርቋል። እውነቱን ለመናገር ደግሞ እኔም ተስፋ አድርጌ ነበር። በስመ አብ ብላ በጀሶው አፍ አንቆረቆረችው። ሦስት ቀን እንዲህ አደረገች፤ እኔም ሦስት ቀን በብርድ ልብስ ሸፈንሁት። እርሷ ወደ ደሴቷ በተመለሰች ማግስት ሐኪሙ ብርድ ልብሱን ሲገልጠው ጀሶው እንደ ራሰ ዳቦ ለስልሷል።

«ማነው ያረጠበው?»

«እኔ ነኝ፤ ስታጠብ ፈሰሰብኝ» አልሁ።

አዲስ ጀሶ ታሰረልኝ፣ ግን አጥንቱ ቀድሞ ዘሞ ነበር። ጀሶው ሲፈታ እየያዙ መራመድ በሚለማመዱባቸው ሁለት ብረቶች መካከል አቆሙኝ። ቀኝ ተረከዜ መሬት አልደርስ አለ። ጠዋትም ከሰዓትም ሞከርሁ፤ ብረቱን ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። ሐኪሙ «ከዚህ በላይ አይስተካከልም» አለኝ። በዚያው ሳምንት ከፋብሪካው አንዲት ጓደኛዬ መጥታ ማሽኔ ለሌላ ሴት መሰጠቱን ነገረችኝ።

የምወጣ ዕለት እናቴ ልትወስደኝ መጣች። እያነከስሁ ስመጣ አይታ እልል አለች።

«ጠበሉ ባይደርስልሽ ይህንንስ መች ትሄጂ ነበር! ልጄ፣ ተመስገን በይ።»

ልነግራት አፌን ከፈትሁ። እንባዋን አይቼ ዘጋሁት። እጇን ራሴ ላይ ጭና «የቀረውን እርሱ ይፈጽምልሽ» ብላ መረቀችኝ፤ አሜን እስክል ጠበቀችኝ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የእናቴን ምርቃት አሜን ማለት አቃተኝ።