«ምርኮኞቹስ?»

የጦርነት ድል በተወራ ቁጥር አጎቴ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ምርኮኞቹስ?» በወጣትነታቸው ወታደር ነበሩ። ስለ ራሳቸው ዘመቻ ግን ትንፍሽ ብለው አያውቁም።

አንድ ቅዳሜ ፀጉራቸውን ላስቆርጥ ሰቨን ሲስተርስ የሚባል ሰፈር ወዳለ ፀጉር ቤት ወሰድኳቸው። ቆራጩ ቬንዙዌላዊ ነው። ግድግዳው ላይ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ጄኔራል ሥዕል ሰቅሏል። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አገራቸውን ከስፔን ነፃ ያወጣ ሰው መሆኑን ደረቱን ነፍቶ ተረከልን፤ እኔም ተረጎምኩላቸው።

«ምርኮኞቹስ? ጠይቀው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ምላጩ እኮ አንገትዎ ላይ ነው!»

«ጠይቀው አልኩህ።»

ጠየቅኩት። የሰውዬው እጅ ቆመ። «ገደሏቸው» አለ ቀስ ብሎ። «ሆስፒታል የተኙትን ሳይቀር።»

አጎቴ በመስታወቱ እያዩት፣ «ሳይደብቅ ነግሮኛል። ከእንግዲህ ከእሱ በቀር ፀጉሬን ማንም አይነካውም በልልኝ» አሉ። እውነትም በየወሩ «ቀጠሮ ቡክ አድርግልኝ» እያሉኝ፣ ከሚኖሩበት ከከተማው ሌላ ጫፍ ከባተርሲ ድረስ ባቡርና አውቶቡስ እየቀያየሩ እስከ መጨረሻው ሄዱ።

ባለፈው እሑድ የአርባ ተዝካራቸውን አወጣን። ከምሳ በኋላ የድሮ የጦር ጓደኛቸው ከአጎቴ ጋር አንዲት ከተማ እንዴት እንደያዙ ሞቅ አድርገው አወሩልን። ሲጨርሱ ሁላችንም ሳናስበው ወደ ጋሼ ወንበር ዞርን። ጠያቂ የለም።

ሽማግሌውም ባዶውን ወንበር ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «ምርኮኞቹንማ አትንኳቸው ብሎን ነበር» አሉ። «አልሰማነውም።»