በቢንያም ፊት የበላሁባቸው ቀናት

ያለፈው እሑድ ሳንሱሲ፣ ቢንያም ቤት ነበርኩ። ሴት ልጁ ተመርቃ ዘመድ ጎረቤቱን ምሳ ጠርቶ ነበር። ቢንያም የወንድሜ ልጅ ነው። አርባ ዓመት አልፎታል፣ ጸጉሩም ሸብቷል፤ ሲበላ ግን ዛሬም ቀስ ብሎ ነው። እያንዳንዷን ጉርሻ አላምጦ አላምጦ በውሃ ሸኝቶ ነው የሚውጣት። ይህን ያየ አንድ እንግዳ ጥርሱን አሞት እንደሆነ ጠየቀው። ቢንያም ሳቅ ብሎ ታሪኩን አወራለት። ገና ሁለት ዓመት ተኩል ሲሆነው እናቱ ሳሙና ለማውጣት የበጠበጠችውን ኮስቲክ ሶዳ በኩባያ አስቀምጣ እንደረሳች፣ እሱ ውሃ መስሎት እንደጠጣው፣ ጉሮሮው ተቃጥሎ ዓመት ከመንፈቅ ሆዱ ላይ በተተከለ ጎማ እየተመገበ እንደኖረ፣ በመጨረሻም "ይቺ አክስቴ" መብላት እንዳስተማረችው ነገረው። እንግዶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። አንዲት ሴትዮ እንዲያውም ተነስታ ጉልበቴን ልትስም ቃጣት። እኔም እንደ ወትሮዬ አንገቴን ደፍቼ ምስጋናውን ተቀበልኩ።

ታሪኩ ልክ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ሲቀር። ኩባያውን እዚያ ያስቀመጠችው እናቱ አይደለችም። እኔ ነኝ።

ያኔ የምንኖረው ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ክረምት ሲመጣ ጫማ አውልቀው በሚሄዱበት ጭቃ መሐል ነበር። ወንድሜ ታደሰ ወታደር ነው፤ ሰሜን ጦር ግንባር ነበር። ከመሄዱ በፊት እንድማር ብሎ ከአገር ቤት አምጥቶ ከሚስቱ ከእትዬ ዘነበች ጋር አስቀመጠኝ። እሷ በአንድ የክር ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች፤ እኔ እማራለሁ፣ ከትምህርት መልስ ቢንያምን እይዛለሁ። ዘመኑ ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በወረፋ የሚታደልበት፣ አብዛኛውን ጊዜም የማይታደልበት ነበር። ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ ከሥጋ ቤት ሞራ እየለመነ፣ ከሶዳ ጋር እያፈላ የራሱን ሳሙና ያወጣ ነበር። መልኩ አያምርም፣ እጅ ይልጣል፤ ግን ልብስ ያነጻል። እኔም በዚህ ሥራ የተካንኩ መስሎኝ እኮራ ነበር። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ የማይኮራበት ነገር የለም።

ነሐሴ ውስጥ ነበር። እትዬ ዘነበች የጠዋት ፈረቃ ገብታለች። ሶዳውን በጥብጬ ከሞራው ጋር ካዋሃድኩ በኋላ ትንሽ ተረፈኝ። ለሚቀጥለው ጊዜ ይሆናል ብዬ እጄ ላይ በገባው ዕቃ ቀዳሁት። እጄ ላይ የገባው የቢንያም ሰማያዊ ኩባያ ነበር። ወዲያው የቀበሌው ጥበቃ በሩን ደበደበ። የሴቶች ስብሰባ አለ፣ የቀረ ስሙ ይያዛል ይላል። ኩባያውን በርጩማው ላይ አድርጌ፣ ሕፃን ይዤ ነው የማልመጣው ብዬ ልለምነው ወጣሁ። ብዙ አልቆየሁም። የሰማሁትን ጩኸት ግን አልጽፈውም።

ሕይወቱ ተረፈ። ጉሮሮው ግን ቆስሎ ሲሽር ጠበበና ምራቁን እንኳ መዋጥ አቃተው። ሆስፒታል ሆዱን ከፍተው ቀይ ጎማ ተከሉለት። በቀን አምስት ጊዜ ወተት ከእንቁላል ጋር፣ አለዚያም በጨርቅ የተጠለለ አጥሚት በትልቅ ሲሪንጅ ቀስ እያደረግን እናፈስለታለን፤ ከዚያ በውሃ አጥበን ጎማውን አጥፈን በልብስ መቆንጠጫ እንይዘዋለን። እሱ በጀርባው ተኝቶ ወተቱ ሲወርድ ያያል፤ ሌላ ሰው ውስጥ የሚገባ ይመስል ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም ነበር።

እትዬ ዘነበች አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያደረገችው አንድ ሕግ ማውጣት ነው፤ በልጁ ፊት ማንም እንዳይበላ። ያምረዋል፣ አምሮትም ልጅ ይጎዳል አለች። ልክ መሰለን። ከዚያ በኋላ የምንበላው እንደ ሌባ ማድ ቤት ገብተን፣ በር ዘግተን፣ ቆመን ነበር። ስንወጣ አፋችንን በነጠላ እንጠርጋለን። ሽታው እንዳይደርሰው ወጡ የሚሠራው ጎረቤታችን እማማ ወርቄ ቤት ነው። አንድ ቀን ቢንያም የማድ ቤቱን በር ከፍቶ አፌን ሞልቼ ሳኝክ አገኘኝ። ሰው ገላውን ሲታጠብ እንዳየ ሁሉ ዓይኑን ሸፍኖ በሩን ቀስ ብሎ መለሰው። ይህ ነገር ምን ማለት እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

በየጊዜው ከጦር ኃይሎች አውቶቡስ እየያዝን ሆስፒታል እናመላልሰው ነበር። እያደነዘዙ የጠበበውን ጉሮሮ በቀጭን ዘንግ ጥቂት በጥቂት ያሰፉለታል። ከዓመት በላይ ከተመላለስን በኋላ ሐኪሙ፣ የውጭ አገር ሰው ነው፣ መንገዱ ተከፍቷል፣ ከእንግዲህ ያለው ሥራ የልጁ ነው አለን። ደስ ብሎን ወጣን። ቢንያም ግን አፉን ጥርቅም አደረገ። ማር ቀባንለት፤ ጠረገው። ከረሜላ አመጣንለት፤ በጣቱ ገፋው። ጎረቤት ሁሉ ማንኪያ እየያዘ መጣ፤ በሞቴ፣ አፈር ስሆን እያለ። በዚያ ሰሞን ኮልፌ ውስጥ በቢንያም ምክንያት ስንት ጊዜ እንደተሞተ እግዜር ይወቀው። አንድ ቀን እኔና እማማ ወርቄ እጁን ይዘን በግድ አፉ ውስጥ ጨመርንበት። ትን ብሎት ፊቱ ጠቆረ። ከዚያ ወዲያ ማንኪያ ሲያይ አልጋ ሥር ይገባል።

ሐኪሙ እየሰጋ ሄደ። የማይዋጥበት ጉሮሮ ተመልሶ ይዘጋል አለ። እስከ ፋሲካ መብላት ካልጀመረ የሚቀረው ከአንጀቱ ቆርጦ አዲስ ጉሮሮ መሥራት ነው፤ ያንን ደግሞ ይህ አካል ይችለዋል ብሎ አያምንም። ሁዳዴ ከገባ ሳምንት ሆኖት ነበር። ይህን የሚያስተረጉሙልን ሲስተር አስካለ የሚባሉ ጠና ያሉ ነርስ ናቸው። ሐኪሙ ሲወጣ እሳቸው ቀሩ።

"ከማን ጋር ነው የሚበላው?" አሉኝ።

"አይበላም እኮ ሲስተር።"

"እሱንማ አውቃለሁ። እናንተ ስትበሉ የት ነው የሚሆነው?"

ማድ ቤቱን፣ የተዘጋውን በር፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይህ ልጅ ሰው ሲበላ ካየ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፣ መብላትን ከማን ይማረው አሉ። ከዛሬ ጀምሮ እፊቱ ብሉ፤ እንካ ማለት፣ መለመን፣ በሞቴ ማለት የለም፤ ቢቀምስም አታጨብጭቡ፣ እንዳላየ ሁኑ። ሲናገሩ ቀላል ነው። የእኛ ሰው ግን አውቶቡስ ውስጥ ቆሎ ሲበላ እንኳ ለማያውቀው ሰው እንካ ይላል። የታመመ ልጅ ፊት ተቀምጦ ብቻውን መጉረስ የሚችል ጨካኝ ከየት ይመጣል?

እትዬ ዘነበች አልቻለችም። የመጀመሪያው ቀን ትሪውን አቅርበን ተቀመጥን፤ አንድ ጊዜ ጎረሰችና እያለቀሰች ወጣች። ተከትያት ሄድኩ። ሁለታችንም ካልበላን የሲስተር ምክር ከንቱ መሆኑን ልነግራት ሞከርኩ። ዞር ብላ አየችኝ።

"አንቺማ ይሆንልሻል" አለች። "ድሮም የተቃጠለው ያንቺ አፍ አይደለም።"

ዓመት ከመንፈቅ የጠበቅሁት ቃል ነበር። ሲመጣ ግን አላቀለለኝም። ወደ ቤት ተመልሼ ትሪው ፊት ተቀመጥኩና በላሁ።

በየቀኑ በላሁ። ከትምህርት ቤት መጥቼ መሬት ላይ ትሪ ዘርግቼ፣ ሽሮም ሆነ ምስር፣ ብቻዬን እበላለሁ። እህሉ አፌ ውስጥ ይበዛብኛል፤ ዋጥኩት ስል ይመለሳል። እማማ ወርቄ በመስኮት አይተውኝ ኖሮ አረመኔ ናት ብለው ለሰፈሩ አወሩ። ቢንያም በመጀመሪያ ጀርባውን ሰጠኝ። ከዚያ ከበሩ ጀርባ ማየት ጀመረ። በሁለተኛው ሳምንት መጥቶ ከትሪው ማዶ ቁጢጥ አለ። እያንዳንዷን ጉርሻ ከትሪው እስከ አፌ፣ ከአፌ እስከ ጉሮሮዬ ይከተላታል። ዋጥ ሳደርግ ጉሮሮዬን በዓይኑ ይፈልጋል። ያቃጥለኝ እንደሆነ ይጠብቅ ነበር መሰለኝ።

አንድ ቀን እንጀራ ቆርሶ ሽሮ አስነክቶ ወደ አፌ አመጣ። እጁ አፈር ነው። ጎረስኩ። ሌላ ደገመኝ፣ ሰለሰኝ። "አፍሽን ክፈቺ" ይላል በዚያ በሻከረ ድምፁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሱ አጉራሽ፣ እኔ ጎራሽ ሆንን። እንኳን እምቢ ልለው፣ ቢችል የቤቱን እህል ሁሉ ይጨምርብኝ ብዬ አፌን እከፍታለሁ። በጾም የወፈርኩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ከሆሣዕና በፊት ባለው ሳምንት የተልባ ፍትፍት ሠራሁ። የተልባ ውሃ ያንሸራትታል፤ ከመጣ በዚህ ይመጣል ብዬ አስቤ ነው። ቢንያም እንደ ልማዱ አጎረሰኝና ጣቱ ላይ የቀረውን ተልባ አየው። ከዚያ ላሰው። እኔን ሰረቅ አድርጎ ተመለከተኝ፤ እኔ ጣሪያውን አያለሁ። እንደገና ነክሮ ላሰ። አሳለው። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ። ልነሣ ቃጣኝ፤ ግን እጆቼን ሥሬ አድርጌ ተቀመጥኩባቸው። ሳሉ ቆመ። ቢንያም ደረቱን በእጁ ይዞ ትንሽ ሲያዳምጥ ቆየ።

"ወረደ" አለ።

እናቱ ከፈረቃ ስትመለስ ነገርኳት። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ፣ ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ቀረች። ቢንያም ግን ለእሷም ለማንም አልቀመሰም። የሚልሰው እኔ ስቀመጥ፣ እኔን ካጎረሰ በኋላ ብቻ ነበር።

በዚያው ሳምንት ታደሰ ሳይታሰብ በፈቃድ መጣ። ሰው ግንባር ተቀምጦ እንዳይጨነቅ ብለን በደብዳቤ አንድም ነገር አልጻፍንለትም። ልጁን ብድግ አድርጎ ሲያቅፍ ከሸሚዙ ሥር ያለውን ጎማ ዳሰሰ። ልብሱን ገልጦ አየ። ከዚያ ሁለታችንንም አየና ማን ነው ይህን ያደረገው አለ። አፌን ከመክፈቴ በፊት እትዬ ዘነበች ተናገረች።

"እኔ ነኝ። ጠዋት ሥራ ስገባ ሶዳውን በኩባያው ትቼው ሄድኩ።"

ትሪ ይዤ ቆሜ ነበር። ዝም አልኩ። ማድ ቤት ስንገባ ለምን እንደዚያ እንዳለች ጠየቅኳት። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

"አንቺን ካባረረሽ ልጄን ማን ያበላልኛል?" አለች።

ታደሰ በቆየባቸው ቀናት እሷ የሠራችውን አልቀመሰም፤ አላናገራትምም። ሲሄድ እኔን ሁለት ጉንጬን ሳመኝና "ልጄን አደራ" አለኝ። እሷን ሳይሰናበት ወጣ። ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። መርዶው የመጣ ዕለት እትዬ ዘነበች ደረቷን ስትደቃ፣ እኔ አጠገቧ ሆኜ እጇን ይዤ ነበር። ያን ቀንም አልተናገርኩም።

ከፋሲካ በኋላ ቢንያም ቀስ በቀስ በላ፤ ክረምቱ ሳይገባ ጎማው ወጣለት። ካደገ በኋላ ጠባሳው ከምን እንደሆነ ሲጠይቅ እናቱ ለአባቱ የነገረችውን ነገረችው። እሷ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። እስከ መጨረሻዋ ተጠያይቀን፣ ተጠዋውረን ኖረናል፤ ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋት። ዕድሜ ልኬን ልጁን ያዳንኩ ደግ አክስት ሆኜ ስመረቅ እሷ ልጇን ያቃጠለች እናት ሆና ኖረች፤ ይህን በየድግሱ ስሰማ አፌን የያዘኝ ፍርሃት እንጂ ሌላ አይደለም።

እትዬ ዘነበች የዋሸችበት ምክንያት አንድ ነበር፤ ልጇ ያለእኔ አይበላም። ቢንያም ዛሬ ብቻውን ይበላል፣ ልጆችም አሳድጎ አስመርቋል። እኔን የማያባርርበት ምክንያት ካለቀ ቆይቷል። ለመጪው እሑድ ደግሞ ምሳ ጠርቶኛል። ከምሳው በፊት እነግረዋለሁ።