የደረሰኝ የነፋስ ድርሻ

ይህ የደረሰብኝ አምና፣ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ነው። የቤት ጉዳዬን ለሰው ማውራት አልወድም። ግን የግቢዬን በር በከፈትኩ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ ልጻፈው።

ባለቤቴ ሲሞት ታላቅ ወንድሙ አያ ጫኔ መሬቱን አካፈለ። ወንዝ ዳሩን ለራሱ ያዘ። ለእኔ ከዳባት በላይ ያለውን ድንጋያማ ጉብታ ሰጠኝና፣ «አንቺ ነፋሱን ውረሽ!» ብሎ ለቀስተኛውን አሳቀብኝ። ጉብታው ለእርሻ ደካማ ነው። ነፋስ ስለማያጣ ግን አገሩ ሁሉ አውድማውን እዚያ አድርጎ እህሉን ያዘራበታል። እኔም እኩል ለሚያርስ ሰው ሰጥቼ ጎንደር፣ አራዳ ገባሁ። ከአያ ጫኔ ጋር ሰላምታ እንኳ አልነበረንም።

አምና ባለሙያዎች ጉብታው ላይ የነፋስ መለኪያ ምሰሶ ተከሉ። በነፋስ የሚዞር የመብራት ማመንጫ ሊቆም ነው ተባለ። ብዙም ሳይቆይ አያ ጫኔ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ የአገር ሽማግሌዎችንና የእኔኑ የነፍስ አባት ይዞ ደጄ ላይ ቆመ።

በአገራችን ደንብ ድንጋይ ተሸክሞ የመጣ ሰው ይቅር ካልተባለ አያወርድም። ሽማግሌም አይቀመጥም። ግቢዬ ያለው አንድ በር ነው፤ እሱን ሞልተውታል። ጎረቤት በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ ያያል።

«ጉዳዩን አስቀድማችሁ ንገሩኝ» አልኩ።

«ምነው እመት፣ እርቅ ነዋ!» አሉ አንዱ ሽማግሌ። «መሬቱም የቤተሰብ ነው፤ ጉብታውን ለማመንጫው አንድ ላይ ብትሰጡት፣ ካሳውንም ብትካፈሉ ሸጋ ነው። መብራት ይገባል፣ ወፍጮ ይተከላል።»

ነገሩ ገባኝ። ወፍጮ ያሉት እውነት ነው፤ እህል ተሸክሜ ዳባት ድረስ ስንት ዘመን ወርጃለሁ። ነገር ግን ባለሙያውን ጠይቄው ነበር። ዙሪያውን ማረስ ይቻላል አለኝ። የመኪና መንገዱ ግን አውድማውን ይቆርጠዋል፣ የማመንጫው ክንፍም አሞራ ይመታል። ሽቦው በጉብታው ሥር ባለው ሰፈር ላይ አልፎ ከተማ ይገባል፤ ለሰፈሩ መብራት ቃል አልገባም አለ።

እሺ ብል ያንን ሰው ዳግመኛ ማውረሴ ነው። እንቢ ብል አገሯን በጨለማ ያስቀረች ክፉ አሮጊት እባላለሁ።

«እቴ፣ ማጅራቴ ተቆረጠ፤ በይ እንጂ» አለ አያ ጫኔ፣ ላቡ እየተንጠፈጠፈ።

ያኔ አየሁት። እሱም እንደ እኔ ተይዟል።

«ጉብታውን ማን ወረሰ?» አልኩት።

ድንጋዩን በማጅራቱ ላይ አመቻቸና ሽማግሌዎቹን አየ።

«ቆይ እንግዲህ። እኔ እንደሆንኩ አልቸኩልም።»

«አንቺ!» አለ።

«ነፋሱን ብቻ?»

«ከነመሬቱ! ከነመሬቱ ያንቺ ነው!»

«አባቴ፣ ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ» አሉ የነፍስ አባቴ፣ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው።

ይቅር ብያለሁ አልኩ። ድንጋዩ ወረደ።

ማመንጫው እስካሁን አልቆመም። ለሰፈሩ መብራት ካስገቡ፣ አውድማውንም ካልነኩ ቦታውን እሰጣለሁ ብያለሁ። መልስ አልመጣም። አያ ጫኔ ግን ታርቀናልና በየበዓሉ እየመጣ ከገበታዬ ይቀርባል። ይቅር ያለው አፌ ነው፤ ልቤ ገና ነው። ቢሆንም ማባረር አልችልም።

ድንጋዩን አላስነሳሁትም። ነፋስ ሲነሳ የግቢዬን በር አስደግፍበታለሁ። አያ ጫኔ ሲመጣ፣ ድንጋዩን በእጁ ገፋ ሳያደርግ አይገባም።