ጥሩሰውና ጥቁሩ ክፈፍ

ሰበታ ውስጥ «ጋዜጠኛው ጥሩሰው» ሲባል የማያውቀው የለም፤ እሱ ግን ጋዜጠኛ ሆኖ አያውቅም። ከደብረ ብርሃን በወጣትነቱ መጥቶ አዲስ አበባ አንድ ማተሚያ ቤት ተቀጠረ። የእርሳስ ፊደል ለኅትመት የሚደረድር ፊደል ለቃሚ ነበር፤ ኋላ ማሽኑን ያዘ። እዚያ ሳለ አንድ የቆየ የአሜሪካ መጽሔት እጁ ገባ። ቋንቋውን አጥርቶ አያነብም። ሽፋኑ ላይ ግን ንጉሥም ዘፋኝም ያልሆነ ባለቱታ ገበሬ፣ በቀይ ክፈፍ ተከብቦ፣ ፊት ለፊት ያየዋል። «ይህን ያሳተመው ማን ይሁን?» አለ በልቡ። «ገበሬን እንዲህ ያከበረ ሰው፣ አገሩን ሁሉ ማየት አስተምሯል።»

ጡረታ ሲወጣ ሰበታ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍቶ «ደጃፍ» የተባለ መጽሔት ማሳተም ጀመረ። ሰው ካልሞተ ወይ ካልሄደ አይመሰገንም ይባላል፤ እሱ በቁሙ ይመስገን አለ። የፋብሪካ ዘበኛ፣ የቡራዩ ወፍጮ ቤት ባለቤት፣ ሁሉም በየተራ በቀይ ክፈፍ ሽፋኑ ላይ ወጡ። የሚኒባስ ረዳቶች ከከተማ ከተማ ያደርሱለታል። የከተማውን ጉድለትም ስለሚጽፍ፣ ስሙ ሲገን ጊዜ፣ «ደጃፍ ላይ እንዳንወጣ» ብለው ቱቦ የጠገኑ ሹሞችም አልጠፉም።

አንድ ሰሞን ተራው የኦቦ ዋቆ ሆነ። የተጣላን ሲያስታርቁ የኖሩ የሰበታ ሽማግሌ ናቸው፤ ፎቶ መነሳት አይወዱም። ጥሩሰው ለምኖ ለምኖ አሳመናቸው። ማተሚያ ቤቱ ግን ቀይ ቀለም ጨርሶ ነበር። «ክፈፉ ጥቁር ይሁን፤ ጥቁርም ግርማ አለው» አለ። ዕድሜውን በቀለም ሲጨማለቅ ለኖረ ሰው ጥቁር ቀለም ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ከፎቶው ሥር «አጭር የሕይወት ታሪክ» ብሎ አሳተመው።

መጽሔቱን የሚሸጥለት ባለሱቁ ከድሩ በማግስቱ ሮጦ መጣ።

«ጋሼ ጥሩሰው፣ ይጨምሩልኝ! እንደ ጉድ እየተሸጠ ነው!»

«ተመስገን! ሰዉ ምን አለ?»

«ምንም። ገዝተው እያለቀሱ ይሄዳሉ።»

«እያለቀሱ?»

ከድሩ ሽፋኑን ትኩር ብሎ አየ። «ወላሂ ጋሼ፣ እኔም እኮ ነፍስ ይማር ስል ነው ያረፈድኩት። ሰውዬው አልሞቱም እንዴ?»

ጥሩሰው ሲደርስ የእድር ሰዎች ኦቦ ዋቆ ግቢ ድንኳን ተክለው ጨርሰዋል። ኦቦ ዋቆ ማልደው ተፍኪ ለሽምግልና ሄደው ስለነበር፣ ቤት ውስጥ «አልሞቱም» የሚል አልተገኘም። አሁን ተመልሰው በራሳቸው ድንኳን ሥር፣ ከተጂ ከተማ ደረቷን እየደቃች መጥታ የወደቀች እህታቸውን ውሃ ይረጫሉ።

«አካም ጂርታ፣ እንዴት አለህ ጥሩሰው?» አሉ ቀና ሳይሉ። «እኛ እንኳ ሞተናል።»

«ኦቦ፣ ይቅር ይበሉኝ። ላከብርዎ ብዬ ነው።»

«አክብረኸኛል። አፈሩ ብቻ ቀረህ።»

አንዱ እድርተኛ ሳቁን ዋጠ። ጥሩሰው አልሳቀም። ማታውኑ ለሚቀጥለው እትም ቃል የገባችው የሱሉልታዋ ወተት ነጋዴ ተረፈች ደወለች። «ጋሼ፣ እኔ ልጆች አሉኝ፤ ይቅርብኝ» አለችው። ሞት ይጠራል በተባለ መጽሔት ላይ ማን ይወጣል? ኦቦ ዋቆ ካልታረቁት «ደጃፍ» እንዳበቃለት ገባው።

እሑድ ሽማግሌ ይዞ ሄደ። አስታራቂን እንደማስታረቅ ያለ አበሳ የለም፤ ዘዴውን ሁሉ ያውቁታል። ኦቦ ዋቆ ሲለመኑ አርፍደው በመጨረሻ፣ «ካሳ አልፈልግም» አሉ። «ቀጥሎ የራስህን ፎቶ አውጣ። በዚያው በጥቁሩ።»

ሚስቱ ገነት ስትሰማ ጮኸች። «ሟርት! በቁምህ ማቅ ልታለብሰኝ ነው?»

ጥሩሰው ሌላውን ሁሉ ሲያሳይ ኖሮ ራሱን አንድ ቀን አላሳየም። ትሕትና ይመስለው ነበር፤ ነገሩ ሲፈተሽ ግን ፍርሃትም ነበረበት። ሌላውን «ና፣ ታይ» ማለት ቀላል ነው። ሰው የሌላውን መልክ ለማሳየት ደፋር ነው።

አወጣው። መጽሔቱ በወጣበት ጠዋት ኦቦ ዋቆ ምርኩዛቸውን ይዘው ከድሩ ሱቅ ደጅ ወንበር አስወጥተው ተቀመጡ። ሽፋኑን አይቶ ለደነገጠ ሁሉ፣ «እሱም አልሞተም፣ እኔም አልሞትኩም፤ ከፍለህ አንብብ» ይላሉ። ገነት ግን ሊያስተዛዝኑ የመጡ ጎረቤቶችን ስትራገም ዋለች።

በሳምንቱ ተረፈች ደውላ እሺ አለች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ፎቶ ስትነሳ ኦቦ ዋቆ አጠገቧ እንዲቆሙላት።